ከሩዝ ጆንያ ጀርባ

ይህን ታሪክ የማወራው ወድጄ አይደለም። አውሪው ያለኝ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ስትደርሱበት እምቢ ለማለት አፍ ያጣሁት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ስሜ ሳሚያ ነው። ከአባቴ ጋር አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል እኖራለሁ። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ዊልቸር እገፋለሁ። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» ብዬ የምሸሸግበት በር የለኝም። አውቅ ነበር።

አባቴ ጀዕፈር ይባላሉ፤ ሰው ሁሉ ግን አባባ ነው የሚላቸው። የደሴ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ግራ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ሐኪማቸው ወረቀት ሞሉላቸው፣ እኔ ወረፋ ይዤ አስገባሁላቸው፣ ከመኪናው የፊት መስታወት ላይ የምትንጠለጠለው ሰማያዊ ታግ ተሰጠቻቸው። የዊልቸር ሥዕል ያለባትን፣ በር አጠገብ ለአካል ጉዳተኞች በተተወው ሰማያዊ ቦታ የምታስቆመውን ታውቋታላችሁ። ሕጓ አጭር ነው። ታጓ የመኪናው አይደለችም፣ የቤተሰቡም አይደለችም፣ የሰውየው ናት። እሱ መኪናው ውስጥ ከሌለ እሷም ሥራ የላትም።

የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። አገር ቤት የእድር ድስት ከቤት ቤት እንደሚዞር የአባባም ታግ መዞር ጀመረች። አንዷ ለሠርግ አዳራሽ ትወስዳታለች፣ ሌላዋ ለልጇ ምረቃ። የአክስቴ ልጅ ሉቅማን ዱሉዝ ዌርሃውስ ነው የሚሠራው፤ ጁምዓ ሲደርስ ከሥራ እየበረረ ይመጣና ታጓን ይዞ መስጊድ ይሄዳል። እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ይቻል ነበር። ግን ይሉኝታ አለ። ድስት የከለከለች ሴት ስሟ እስከ ልጅ ልጆቿ ይነሣል።

አንድ ጁምዓ ሉቅማን ታጓን ሊወስድ ሲመጣ አባባ ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

«ሉቅማን፣ እግርህን አመመህ እንዴ?» አሉት።

«ኧረ ደህና ነኝ አባባ። ፓርኪንጉ ፉል ስለሚሆን ነው።»

«እንግዲያው ታጓን ተዋት። የኔ ስም ያለባት አማና ናት፣ አደራ። አማና ደግሞ አይዋስም።»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ያካብዳሉ። ወላሂ ማንንም አልጎዳሁም። ስፖቱ ባዶ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ማንም አይቆምበትም። ባለቤት የለውም እኮ።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል» አሉ አባባ። «ባለቤትማ አለው። ገና አልመጣም እንጂ።»

ሉቅማን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ታጓን አውርጄ ሰጠሁት።

ያኔ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። የዜግነት ኢንተርቪው ቀጠሮ ተሰጥቶኝ ነበር። ያለፉ ሰዎች ሁሉ የሚመክሩኝ አንድ ነው፤ «ከፖሊስ ጋር እንዳትነካኪ፣ ትንሽ ኬዝ እንኳን እንዳይኖርብሽ።» አንዷ በቀይ መብራት ያለፈች ጊዜ ፋይሏ ዓመት ተኛ ብለው ነገሩኝ። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። ፍርሃት ማጣራት አይወድም። መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና ከኋላዬ ሲመጣ ወደሚቀጥለው መታጠፊያ እገባ ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ለአባባ ጤና ዱዓ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች ቤታችን ጠራን። ሥጋ ለመግዛት ዶራቪል ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ገበያ ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው፤ የአትላንታን ሐምሌ የምታውቁ አስፋልቱ እንዴት እንደሚነድ ታውቃላችሁ። ፓርኪንጉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፣ አንድም ቦታ የለም። ከበሩ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ሰማያዊ ቦታዎችም ተይዘዋል። በአንደኛው ላይ ነጭ ቫን ቆሟል። ጎኑ ላይ «እባክዎ ለራምፕ ቦታ ይተዉ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተለጥፏል፤ ራምፕ ዊልቸር ከቫኑ ጎን የሚወርድበት ተዘርጊ ድልድይ ነው። አንብቤዋለሁ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ደግሞ ያ ነጭ ሰያፍ መስመር የተሰመረበት ባዶ መሬት አለ፤ ታግ ያለውም ቢሆን ማንም የማይቆምበት።

ኮሮላዬ ትንሽ ናት፤ በልኳ የተሰፋላት ይመስል መስመሩ ላይ ገባች። የአባባን ታግ አንጠለጠልኩ። «አምስት ደቂቃ ነው» አልኩ ለራሴ። የእኛ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነች መቼም አልነግራችሁም።

በሩ ላይ በኤሌክትሪክ ዊልቸር የሚሄድ ሰው ሊወጣ ሲል ተገናኘን። ጭኑ ላይ ሁለት ፌስታል ይዟል። አበሻ ነው። አሳልፎኝ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ሳልቆም ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

ሐላል ሥጋው ጋ የሚሠራው ፊልጶስ የሚባል የእኛው ልጅ ነው። ወረፋው ረጅም ነበር። ቁጥር ይዤ ስጠብቅ ድምፅ ማጉያው ተናገረ፤ ግራጫ ኮሮላ፣ የታርጋ ቁጥሩ ይሄ የሆነ፣ ባለቤቱ በአስቸኳይ ወደ ውጭ እንዲወጣ። የኔ ታርጋ ነው። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አየሁት። ከወረፋው ወጥቼ ወደ በሩ ጥቂት ተራመድኩ። በመስታወቱ በኩል ስመለከት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መኪናዬ አጠገብ ቆሟል። እጁ ላይ አንድ ነገር ይዟል፤ ከዚያ ሌላ ያየሁት የለም።

በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ታየኝ። ታጓ ላይ ያለው የአባባ ፈቃድ ነው፣ አባባ ደግሞ የሉም። ቲኬት ይጽፋል፣ ቲኬቱ ኬዝ ይሆናል፣ ኬዙ ኢንተርቪው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። በሩ አጠገብ ከእኔ ቁመት በላይ የተደረደረ የሩዝ ጆንያ ነበር። ከጀርባው ገባሁ።

ሰውየው ሰልችቶት ይሄዳል፣ ከዚያ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ድምፅ ማጉያው ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ። ጆንያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ፤ የሚያየኝ ሰው ሩዝ የምመርጥ እንዲመስለው። ሩዙ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ፓውንድ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚቀቀል እስከ ዛሬ በቃሌ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔም ራሴን ለማዳን ነበር። እዚያ ጆንያ ጀርባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ።

ከዚያ ሳይረን ሰማሁ። አለቀልኝ፣ ለእኔ ነው የመጡት አልኩ። ግን ሰዎች ወደ በሩ መሮጥ ጀመሩ። ፊልጶስ ከሥጋው መደርደሪያ ጀርባ በረዶ የሞላ ፌስታል ተሸክሞ እየሮጠ አጠገቤ አለፈ። ተከትዬው እስከ መስታወቱ ሄድኩ።

በሩ ላይ ሰላም ያለኝ ሰው ነጩ ቫን አጠገብ ዊልቸሩ ላይ ነበር፣ ራሱን ስቶ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ቫኑና የኔ መኪና መካከል የእጅ ስፋት እንኳን የለም፤ ራምፑ የሚወርድበት ቦታ ላይ የቆመችው ኮሮላዬ ናት። ቲኬት ሲጽፍ የመሰለኝ ሰው የገበያው ሴኪዩሪቲ ነው። እጁ ላይ የነበረውም ካርቶን ነው፤ ሰውየውን ከፀሐይ ሊጋርደው ይዞ ነው የቆመው።

የሰውየው ፊት ቀይ ነበር፣ ደረቅም ነበር። በዚያ ሙቀት አንዲት ጠብታ ላብ የለበትም። ሥራዬ ስለሆነ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አከርካሪው ተጎድቶ ሰውነቱ ሽባ የሆነ ሰው እንደ እኛ አያልበውም፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ፀሐይ ለእኔና ለእናንተ ትኩስ ናት፣ ለእሱ ግን ትገድላለች።

አምቡላንሱ ይዞት ሄደ። ሴኪዩሪቲው የሆነውን ለአለቆቹ ሊነግር ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ውስጥ ሲገባ ወጣሁና መኪናዬን አስነሣሁ። መስታወቱ ላይ አየሁ፤ ቲኬት አልነበረም። ያን ሁሉ የተደበቅኩት ለሌለ ወረቀት ነበር። ስወጣ ፊልጶስ ባዶውን ፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ሥጋ ሳልገዛ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ መጥተው እጃቸውን ዘርግተው ለአባባ ጤና ዱዓ አደረጉ። ሰው ሁሉ «አሚን» ሲል እኔ ማለት አቃተኝ። በእኔ ምክንያት አንድ ሰው ሞቶ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ የራሴ አባት እንዲሽርልኝ እየለመንኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በር ሲንኳኳ ሽንት ቤት እገባ ነበር። የፖስታ ሳጥኑን ሳልከፍት አልፋለሁ። ሳይረን ስሰማ መንገድ ዳር ቆሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ሥራ ቦታ የማገለግላቸውን ሴትዮ ዊልቸር ስገፋ መያዣው ከእጄ እየተንሸራተተ «ሳሚያ፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል። ከሁሉ የባሰው ግን አለማወቁ ነበር። አለ ወይስ የለም? ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር። ፊልጶስ ጋ መደወል ብቻ ነው። ሞቷል ቢለኝስ ብዬ ፈራሁ፤ አልደወልኩም። ታጓን ደግሞ ላያት ስላልቻልኩ መሳቢያ ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር ቀበርኳት።

በአሥረኛው ቀን አባባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ክሊኒኩ ጋ ስንደርስ በሩ ፊት ያለውን ሰማያዊ ቦታ አልፌ ፓርኪንጉ ጥግ ድረስ ሄድኩ።

«ታጓ የታለች?» አሉኝ።

«ቤት ረስቻት ነው» አልኩ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግራ እግራቸው እምቢ አለ፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፣ የማያውቁት ሰው መኪና ላይ ተደገፉ። መኪናው ከፀሐዩ የተነሣ እንደ ምድጃ ግሏል። እጃቸውን ሲያነሱ መዳፋቸው ቀልቶ አየሁ። እዚያው አስፋልት ላይ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጆንያውን ጭምር።

አባባ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ሰውየው አለ?» ብቻ አሉኝ።

«አላውቅም አባባ።»

«ዘጠኝ ቀን አላውቅም?» ወደ መኪናችን ዞሩ። «ቀጠሮው ይቅር። ዶራቪል ንጂ።»

ፊልጶስ እኔን ሲያይ ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። አባባ ናቸው የጠየቁት።

«ልጄ፣ ያ በአምቡላንስ የሄደው ሰው በሕይወት አለ?»

«አለ አባባ። አይሲዩ ከርሞ ትናንት ነው ከሆስፒታል የወጣው። ሽፈራው ይባላል። የረጅም ርቀት ትራክ ሾፌር ነበር፤ አክሲደንት ነው እንዲህ ያደረገው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእጅ ብቻ በሚነዳው ቫኑ ብቻውን ድራይቭ አድርጎ ይመጣል፣ እዚህ ጋ እንጫወታለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ትመለሻለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር። ለፖሊስ ያልተናገርኩት ለዚያ ነው።»

አድራሻውን ሰጠን። እኛው ሰፈር ነው፣ ስኮትዴል፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም። ነጩ ቫን በሩ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

በር የከፈተችልን ሚስቱ ምህረት ናት። አባባ የመጣንበትን ሳይሸሽጉ ነገሯት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ለአባባ ወንበር አመጣችላቸው፣ ለእኔ አላመጣችልኝም። ልክ ነበረች።

ሽፈራው አልጋ ላይ ነው። ከስቷል። አባባ «አላህ ያሽርህ ልጄ» ብለው እጁን ያዙት። እኔ ቆሜ፣ ዘጠኝ ቀን ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶኝ፣ «የመኪናዋ ባለቤት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ፊልጶስ ነግሮት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አልነበረም።

«ሴኪዩሪቲው ውስጥ ገብተህ ቀዝቀዝ በል ብሎኝ ነበር» አለ ሽፈራው፣ ድምፁ ቀስ እያለ። «ታርጋሽን ሲጠሩ በመስታወቱ አየሁሽ። እጅሽ ላይ ያለውን ቁልፍ አየሽው፣ ወደ በሩም መጣሽ። ለሴኪዩሪቲው "አታስብ፣ የአገሬ ልጅ ናት፣ መጣች" አልኩት። ከዚያ ከሩዙ ጀርባ ገባሽ። አንድ ነገር ልትገዛ ነው አልኩ። ሁለተኛ ሲጠሩ "ግባ" አለኝ፣ "አሁን ትመጣለች፣ ስትመጣ ካጣችኝ መኪናዋን ሳታነሣ ትመለሳለች" አልኩት። ሦስተኛ ሲጠሩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

እኔን ያስደበቀኝ ፍርሃት ነው፤ እሱን ፀሐይ ላይ ያቆየው ግን እኔን ማመኑ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«ፖሊስ ጋ ሂጂ ካልከኝ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ታግ ለሚዋዋሱ ሰዎች ንገሪልኝ። መኪናውን ያቆምሽበትን ብቻ አይደለም፤ የተደበቅሽውንም ንገሪ። እሱን ካልነገርሽ አይሰሙሽም።»

«እሱ ይቅር ይበልሽ» አለች ምህረት ከበሩ። «እኔ ገና ነኝ። ሙቀቱ ኩላሊቱን ጎድቶታል። ያም ሆኖ ኩላሊቱ አይደለም የሚያናድደኝ። ያ ቫን ይታይሻል? ከአክሲደንቱ በኋላ በራሱ የሚሄድባት አንዲት ቀን ቅዳሜ ነበረች። አሁን ውጣ ስለው "ስመለስ መንገዱ ቢዘጋብኝስ?" ይለኛል። ፈራ። የትራክ ሾፌር የነበረ ሰው ፓርኪንግ ፈራ።»

በሚቀጥለው ጁምዓ ቤታችን ሰው ሰበሰብኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሉቅማን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ስጨርስ ተነሥቶ የአባባን እጅ ሳመና «ባለቤቱ መጣ አባባ» አላቸው። ታጓ አሁን የአባባ ኮት ኪስ ውስጥ ናት፤ እሳቸው ሲወጡ ትወጣለች፣ እሳቸው ሲገቡ ትገባለች። የኢንተርቪው ቀኔም ደርሶ አለፈ። ዜግነቱን አገኘሁ፤ ደስታው ግን እንዳሰብኩት አልሆነም።

ሽፈራውን ከቤት ለማውጣት ሁለት ወር ለመንነው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቫኑን ነድቶ ይሄዳል፣ እኔ ከኋላው እከተላለሁ። መኪናዬን ጥግ ድረስ ወስጄ አቆምና እየተራመድኩ መጥቼ እሱ ገዝቶ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ነጭ መስመር ላይ እቆማለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቆሜ ሳለሁ አንዲት መኪና መጥታ አፍንጫዋን ወደ መስመሩ አስገባች። መስታወቷ ላይ ሰማያዊ ታግ ተንጠልጥሏል፣ ውስጥ ያለችው አንዲት ጤነኛ የአገሬ ልጅ ብቻ ናት። መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ትይልኛለሽ? አምስት ደቂቃ ነው፣ ፕሊስ።»

አልተቆጣኋትም። ምን ብዬ ልቆጣት? «አምስት ደቂቃሽን ለእኔ ስጪኝና አንድ ነገር ላጫውትሽ» አልኳት። እዚያው መስኮቷ ላይ ተደግፌ ለእናንተ ያወራሁትን ለእሷም አወራሁላት። ስጨርስ ታጓን አወረደች፣ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብታ ሄደች።

ወገኖቼ፣ ባዶ ቦታ ስታዩ ባዶ አይምሰላችሁ። ባለቤቱ ገና አልመጣም እንጂ አለው። ታግ ሲያውሷችሁ እምቢ በሉ፣ ሲለምኗችሁም እምቢ በሉ፤ ይሉኝታ ሰው ሲገድል አይቻለሁ ማለት ይቻላል። አጥፍታችሁ ከሆነም ስትጠሩ ውጡ። ቅጣቱ የፈለገውን ያህል ቢሆን ከጆንያ ጀርባ ያለውን ያህል አያስፈራም።

ሽፈራው አሁንም ከመውጣቱ በፊት በሩ ውስጥ ይቆማል። በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ ያያል፤ መኖሬን ሳያረጋግጥ አይወጣም። እጄን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ።